ኩርባው የማን ነው?

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ ኩርባ ገቡ። ከኩርባው የወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ጉድባ ውስጥ ተጋድሟል። የተረፈው አሽከርካሪ «ፊት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱም የእኔ ነው» ይላል። ከጉድባው የወጣው ደግሞ «ደርሼበት ነበር፤ እያየ ዘጋብኝ» ይላል። ለመሆኑ ኩርባው የማን ነበር?

የመኪና እሽቅድምድም በክበብ ቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሣል፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝም ይዘልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩን የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው እንጂ ሕጉን የሚያውቀው አይደለም። እኛም በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ጉዳዩን በእርጋታ ልንመረምረው ወደድን። ነገሩ የስፖርት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ገጽ ባልደረቦቻችን በተውነው ነበር። ነገር ግን ከአንባብያችን መካከል ብዙዎቹ መሪ ጨብጠው የሚውሉ ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ደግሞ መሪ የጨበጠው ሰው እስኪመለስ ድረስ በር በሩን የሚያዩ ናቸው። ጽሑፉን በቤተሰብ ገጽ ማውጣታችንም ስለዚህ ነው።

ስለ መኪና ውድድር የሚናገር አፍሪካዊ ከከተሞች ሁሉ አስቀድሞ ጎረቤታችንን ናይሮቢን ሊጠራ ይገባዋል። ዝነኛው የሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ኬንያ ገና በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ውድድሩም የተሰናዳው ለንግሥት ኤልሣቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል መታሰቢያ ነበር። የቅኝ ገዥዎች መዝናኛ ሆኖ የተወለደው ጨዋታ ግን በእነርሱ እጅ አልቀረም። በኬንያዋ ኬሪቾ የተወለደው የሲክ ልጅ ጆጊንደር ሲንግ በ1965 በቮልቮ፣ በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር አሸነፈ። በኡጋንዳ ተወልዶ የኢዲ አሚን አገዛዝ እስያውያንን ባባረረ ጊዜ ወደ ኬንያ የተሻገረው ሼካር ሜህታ በ1973፣ ከዚያም ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ድል አደረገ። የአውሮፓ ታላላቅ አሽከርካሪዎች በናይሮቢ ልጆች ፊት አቧራ እየጠጡ የሚመለሱበት ዘመን ነበር።

አቧራውን የምናነሣው ለጌጥ አይደለም፤ የዛሬው ጉዳያችን ሥር ያለው እዚያው አቧራ ውስጥ ነው። በቀድሞው ሳፋሪ መኪኖቹ በደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ይነሣሉ እንጂ እንደ ፈረስ ግልቢያ አንድ ላይ አይለቀቁም። ጉዞው በአንዳንዱ ዓመት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። መንገዱም ለውድድሩ ተብሎ አይዘጋም፤ የጭነት መኪናው፣ የከብት መንጋው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ እንደ ወትሮው ይሄድበታል። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ በ1968ም እንዲሁ ከመጨረሻው መሥመር የደረሱት ሰባት ናቸው። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ፈጣኑ መኪና ከፊቱ የተነሣውን ዘገምተኛ ሲደርስበት ምን ይሆናል? ዘገምተኛው የሚያስነሣው ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ከኋላ ያለው ሰው የመንገዱን ጠርዝ፣ ኩርባውን፣ ድልድዩን፣ ላሟን አያይም፤ ከፊቱ ያለውን መኪና እንኳ የሚያውቀው አቧራው ከመወፈሩ ነው። የፊተኛው ደግሞ አቧራው ከኋላው ስለሆነ መንገዱን ሁሉ አጥርቶ ያያል፤ ከኋላው ያለውን ብቻ አያይም።

እዚህ ላይ እናስተውል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ የሚያዩት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህም የሳፋሪ አሽከርካሪዎች በየመኪናቸው ጎን ቀን ከሌሊት የሚበሩ መብራቶችን ይሰቅሉ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታትም ታላላቆቹ ቡድኖች ከመኪኖቻቸው በላይ ሄሊኮፕተር እያበረሩ ከፊት ያለውን መኪናና እንስሳ በሬዲዮ ያስነግሩ ነበር። ይህ ሁሉ ዘዴ ግን ከአንድ ነገር አያድንም፤ የፊተኛው ሰው መንገድ ለመልቀቅ ፈቃደኛ ካልሆነ ኋለኛው ወይ አቧራ እየጠጣ ሰዓቱን ያቃጥላል፤ ወይ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል። የራሊ ሥነ ምግባር ከዚህ ችግር የተወለደ ነው፦ የተደረሰበት ሰው ተደርሶበታል። በሰዓት ተሸንፏል ማለት ነው፤ የቀረው ነገር መንገዱን አስፍቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቀጥታው ሜዳ ላይ ማሳለፍ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ሳይሆን ቀጥታው ላይ መሆኑን እናሠምርበታለን።

ከፊት ወንበር ጎን የሚቀመጠውን ሰውም አንርሳ። ናቪጌተር የሚሉት ይህ መንገድ ነጋሪ ካርታውንና ሰዓቱን ይዞ ቀጣዩን ኩርባ አስቀድሞ ለአሽከርካሪው ይናገራል። አሽከርካሪው ሽንፈቱን ለመቀበል ከራሱ ጋር ሲታገል «ልቀቅለት» ብሎ የሚነግረውም ይኸው ጎረቤቱ ነው። በ1983 በተካሄደው ሳፋሪ ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን በአውዲ መኪና ሦስተኛ ስትወጣ ጎኗ ተቀምጣ መንገዱን የምትነግራት ጣሊያናዊቷ ፋብሪሲያ ፖንስ ነበረች፤ ያን ዓመት አንደኛ የወጣው ፊንላንዳዊው አሪ ቫታነን ነው። ሁለት ሴቶች ያንን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር አቧራና ጭቃ አቋርጠው ከዓለም ምርጥ ወንዶች መካከል ሦስተኛ መሆናቸውን የምንጽፈው፣ ሴት ከአሽከርካሪ ጎን ተቀምጣ አስተያየት ስትሰጥ «ዝም በይ፣ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ባል በሠፈራችን እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

ሳፋሪ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና መዝገብ ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ2021 ሲመለስ መልኩ ተለውጦ ነበር፤ ርዝመቱ አጥሯል፣ ውድድሩ የሚካሄድበት መንገድ ተዘግቷል፣ ማዕከሉም ወደ ናይቫሻ ሄዷል። ለናይሮቢ ሕዝብ የቀረለት በካሳራኒ ስታዲየም አካባቢ የተሠራው አጭር መድረክ ነበር። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሁለት መኪኖች በአንድ ጊዜ ይለቀቁበታል። ሕዝቡ ሁለቱን እያነጻጸረ ይጮኻል፤ አቧራው ይጨሳል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መኪና የሚሄደው በየራሱ በተከለለ መሥመር ነው፤ ቢመኙ እንኳ ጎማ ለጎማ አይነካኩም። አዘጋጆቹ ከሰባ ዓመት ልምድ በኋላ ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን ኩርባ ሲያስገቡ በመካከላቸው ግድብ አቆሙ። ይህን ውሳኔ የፍርሃት ውጤት ነው የሚል ካለ፣ እኛ አንስማማም።

ግድቡ የሌለበት ቦታ ፎርሙላ ዋን በመሳሰሉት የክብ ሜዳ ውድድሮች ነው። እዚያ ሃያ የሚሆኑ መኪኖች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ኩርባውም ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ «ኩርባው የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሕግ የተጻፈለት እዚያ ነው።

ከሕጉ በፊት ግን ኩርባ በመኪና ላይ የሚያደርገውን እንመልከት። መኪናን ኩርባ ላይ የሚይዘው ጎማው ከመሬት ጋር ያለው ቁርኝት ብቻ ነው። አንድ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 20 ሜትር እየሄደ ነው እንበል። ብቻውን ከሆነ ኩርባውን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አስፍቶ ይዞረዋል፤ የሚዞርበትም ክብ 50 ሜትር ራዲየስ ይኖረዋል። ጎማው ወደ ጎን የሚሸከመው ኃይል የመኪናውን ክብደት አራት አምስተኛ ያህል ይሆናል፤ ደህና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ይህን ይችላል። አሁን ግን ጎኑ ላይ ሌላ መኪና አለ እንበል። ከውስጥ ያለው መኪና ኩርባውን እንደ ልቡ ማስፋት አይችልም፤ ክቡ ወደ 40 ሜትር ይጠብበታል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ጎማው የሚጠየቀው ኃይል ከመኪናው ሙሉ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ተራ ጎማ ይህን አይችልም። ስለዚህ መኪናው አሽከርካሪው ቢወድም ባይወድም ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ከውጭ ያለው ሰው ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ እንደሚሆን በትምህርት ቤት የተማርነው ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከውስጥ በኩል የሚገባው ሰው ኩርባውን ብቻውን ቢሆን ከሚይዘው ፍጥነት ባነሰ ፍጥነት መግባት ያለበት መሆኑን ነው። ብዙው ግጭት የሚመጣው ይህን ከመዘንጋት ነው። ደፋሩ ሰው ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፤ ከጎን ይደርሳል፤ «ደርሻለሁና መብት አለኝ» ይላል፤ ኩርባው መካከል ላይ ሲደርስ ግን መኪናውን የሚያዘው እርሱ መሆኑ ቀርቷል።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በሥነ ምግባር ደንቡ ላይ ያኖረው ፍሬ ነገር ውስብስብ አይደለም። ፊት ያለ ሰው ቦታውን ለመከላከል አቅጣጫውን መለወጥ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለመከላከል ከወጣ በኋላ ወደ ቀድሞ መሥመሩ ሲመለስ በራሱና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ቢያንስ የአንድ መኪና ስፋት መተው አለበት። ሌላውን ሆን ብሎ ከመንገድ ገፍቶ ማስወጣት ክልክል ነው። ደርቦ ለማለፍ የሚሞክረውም ሰው ቦታ የሚገባው ከምር ጎን ሲደርስ ነው። ፌዴሬሽኑ በ2025 ለሕዝብ ይፋ ባደረገው መመሪያ ይህን በልኬት አስቀምጦታል፦ ከውስጥ የሚያልፈው መኪና የፊት አክሰሉ ከሌላው የጎን መስተዋት ጋር መስተካከል አለበት፤ ይህም ኩርባው እምብርት ላይ ከመድረሱ በፊትና እዚያም ሲደርስ ነው። ከውጭ በኩል የሚሞክር ደግሞ የፊት አክሰሉ ከተፎካካሪው የፊት አክሰል መቅደም አለበት። ከዚያ ባነሰ የደረሰ ሰው አፍንጫውን ቢያስገባም ኩርባውን አልገዛም።

መስተዋቱ መለኪያ መሆኑ የዘፈቀደ አይመስለንም። ሊያይህ የማይችል ሰው ቦታ ሊተውልህ አይችልም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1979 በፈረንሳይ ዲዦን በተደረገው ውድድር ካናዳዊው ዢል ቪልነቭና ፈረንሳዊው ሬኔ አርኑ ለሁለተኛነት ሲፋለሙ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ጎን ለጎን ሆነው ዞሩ። ጎማቸው ደጋግሞ ተነካካ፤ አንዱ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ሌላው ቀደመ፣ እንደገና ተቀደመ። በመጨረሻ ቪልነቭ አርኑን ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ገባ። አንደኛ የወጣው ዣን ፒየር ዣቡይ ነበር፤ ለሬኖ ፋብሪካ የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ድል ነው። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ነው። ከባልደረቦቻቸው መካከል አደገኛ ጨዋታ ነው ብለው የወቀሷቸው ነበሩ፤ ሁለቱ ግን አንዱ በሌላው ላይ ክስ አላነሡም። ፊልሙን ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል፦ በየኩርባው አንዱ ለሌላው የሚተርፍበትን ያህል ቦታ ትቷል። ቦታው ጠባብ ነበር፤ ግን ነበር።

የጃፓኑን የሱዙካን ታሪክ የምናነሣው በተቃራኒው ነው። በ1989 አየርተን ሴና ከውስጥ ሲገባ ቡድን ባልደረባው አላን ፕሮስት ዘጋበት፤ ተጋጩ። ፕሮስት ከመኪናው ወረደ፤ ሴና ተገፍቶ ተነሥቶ አንደኛ ገባ፤ ዳኞች ግን ከውጤት ሰረዙት፤ የዓመቱም ሻምፒዮና ለፕሮስት ሆነ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኛም ሁለቱም ኩርባው ሳይደርስ ግጭቱን ወስነውት ነበር ከሚሉት ወገን ነን። በዓመቱ፣ በ1990፣ እዚያው ሱዙካ ላይ ሴና በመጀመሪያው ኩርባ ከኋላ መጥቶ ፕሮስትን መታው፤ ሁለቱም አሸዋው ውስጥ ገቡ፤ ሻምፒዮናውም ለሴና ሆነ። በ1991 ሴና ሆን ብሎ እንዳደረገው ራሱ በይፋ ተናገረ። ለዚህ ሰው ያለን አድናቆት ታላቅ ነው፤ በዝናብ ላይ እንደ እርሱ የነዳ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንድን ሰው በሙሉ ፍጥነት መምታትና ከዚያ በኋላ «ባለፈው ዓመት በድለውኝ ነበር» ማለት የበቀል እንጂ የውድድር ሥራ አይደለም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል።

ሁለቱ የ2021 ጉዳዮች ደግሞ ስለ ጥፋት ብዙ ያስተምሩናል። በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን ሉዊስ ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን ኮፕስ ወደሚባለው እጅግ ፈጣን ኩርባ ጎን ለጎን ገቡ። ቨርስታፐን ጥቂት ፊት ነበር፤ ሃሚልተን ከውስጥ ነበር። የሃሚልተን የፊት ግራ ጎማ የቨርስታፐንን የኋላ ቀኝ ጎማ መታ፤ የቨርስታፐን መኪና ከግድቡ ጋር ተላተመ፤ አሽከርካሪውም ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ዳኞቹ ሃሚልተን ከውስጥ በኩል ገና ቦታ እያለው ወደ ኩርባው እምብርት እንዳልተጠጋ ተመልክተው «በአብዛኛው» ጥፋተኛ ነው አሉ። ይህችን «በአብዛኛው» የምትል ቃል ልብ እንበላት፤ ሁሉም ጥፋት የአንድ ሰው እንደማይሆን ዳኞች ያውቃሉ። ቅጣቱ 10 ሴኮንድ ነበር። ሃሚልተን ቅጣቱን ተቀብሎ ያንኑ ውድድር አሸነፈ። በመስከረም ወር በጣሊያን ሞንዛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የቨርስታፐን መኪና በሃሚልተን መኪና ላይ ወጣ፤ ጎማውም ከሃሚልተን ራስ በላይ አረፈ። ራሱን ያዳነው ሃሎ የሚባለው ከአሽከርካሪው በላይ የሚዞረው የብረት ቀስት ነው። ዳኞች አሁን ቨርስታፐን በአብዛኛው ጥፋተኛ ነው ብለው በሚቀጥለው ውድድር መነሻ ላይ ሦስት ቦታ ወደ ኋላ ቀጡት።

አሥር ሴኮንድና ሦስት ቦታ! ቅጣቱ አነሰ ብለን አይደለም፤ ዳኛ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ይችላል? ነገር ግን ፍርዱ የሚመጣው ሁልጊዜ ከግጭቱ በኋላ ነው። «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሕጉ ከውስጥ የገባው ጥፋተኛ ነው ቢል፣ ከውጭ የነበረው ሰው ትክክለኛነቱን ይዞ ግድብ ውስጥ ከሆነ ምን ይጠቅመዋል? የውድድር አሽከርካሪ ቢያንስ የብረት ቀስት ከራሱ በላይ አለው፤ ሐኪሙ በሁለት ደቂቃ ይደርስለታል፤ አጥሩም ጎማ ተደርድሮበታል።

ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በማይ ማሂዩ በኩል የሚወርደው መንገድ ይህ ሁሉ የለውም። ከተራራው ጫፍ ወደ ስምጥ ሸለቆው እየተጠማዘዘ የሚወርደውን ይህን መንገድ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ በ1942 ከመንገዱ ዳር የሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤት ዛሬም ቆማለች። በ1941 በአገራችን ምድር ድል የተመታው የፋሺስት ጦር ሰዎች በብዛት ወደ ኬንያ የምርኮ ሠፈር መወሰዳቸውን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ነገሩ ከጣርማ በር ጋር እንደሚያዛምደን ያስተውላል። ጣርማ በርን የወረደ የእኛ አሽከርካሪ ማይ ማሂዩ ላይ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆንበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኬንያውያን የሚነዱት ግራ ይዘው፣ ደርበው የሚያልፉትም በቀኝ ነው። እኛም እስከ 1964 ድረስ እንዲሁ ነበርን።

በዚያ መንገድ ወደ ኡጋንዳና ወደ ሩዋንዳ የሚጓዙ ተሳቢ ያላቸው ከባድ መኪኖች ዳገቱን ሲያቃስቱ፣ ማታቱ የሚባሉት የኬንያ ሚኒባሶች ከኋላ ደርሰው ይጠባበቃሉ። የማታቱ ሩጫ በናይሮቢ የታወቀ ነው፤ ተሳፋሪ ለመቅደም ሲሉ ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ አደባባይ የሚገቡት ጊዜ ቀላል አይደለም። በየካቲት 2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ያወጡት ደንብ እያንዳንዱ ማታቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የሚያግድ መሣሪያ እንዲገጠምለት፣ ለተሳፋሪውም ሁሉ ቀበቶ እንዲኖር አዘዘ። የማታቱ ባለቤቶች አኮረፉ፤ ሕዝቡ ለጥቂት ጊዜ በእግሩ ሄደ፤ ደንቡ ግን ጸና፤ ሕዝቡም «የሚቹኪ ደንብ» ብሎ በስማቸው ጠራው። መንግሥት በሰዎች መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ መተማመን ሲያቅተው ካሳራኒ ላይ እንደ ቆመው ግድብ አንድ ነገር ያቆማል።

ስለ ተሳቢ ካነሣን ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎቻችን የተለየ ቃል አለን። ረጅም መኪና ጠባብ ኩርባ ሲዞር የኋላ ጎማው የፊቱን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ አሽከርካሪው ወደ ቀኝ ሊታጠፍ አስቀድሞ ወደ ግራ ይሰፋል። በቀኙ የሚከፈተውን ቦታ አይቶ «ለቀቀልኝ» ብሎ የሚገባ ትንሽ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ግን ሞቱን እየገባበት ነው፤ ቦታው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይዘጋል፤ ከባዱም ሰውዬ በመስተዋቱ አያየውም። ሕጉ የቱንም ይፍረድ፣ ሁለቱም ወገን ማወቅ ያለበት ነገር ነው፦ ትንሹ ከተሳቢ ቀኝ ላለመግባት፣ ትልቁ ደግሞ ከመሥፋቱ በፊት ምልክት ለማብራትና ለአንድ አፍታ ለመታገሥ።

የተራ መንገድ ሕግ ከውድድሩ ሕግ በአንድ ነገር ይለያል፤ በውድድር ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፍ የጨዋታው ልብ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ግን ማየት በማይቻልበት ኩርባና በዳገት ጫፍ ላይ ጭራሽ ክልክል ነው። በሌላው ነገር ግን ይመሳሰላሉ። በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ከኋላው ሊያልፈው የሚሻ መኪና መኖሩን ያየ አሽከርካሪ ወደ ራሱ ጠርዝ ተጠግቶ እንዲይዝና ፍጥነት እንዳይጨምር ያዛል። ፍጥነት እንዳይጨምር! እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ጎናችን ላይ መኪና ሲደርስ እግራችን ነዳጁን ረገጥ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ከተማ ቀድሞን የሚገባው ሰው ከእኛ የሚወስደው ምንድን ነው? ጓዶች፣ ጠላትን ፊት ለፊት ገጥሞ ያልሸሸ ሰው ለአንዲት ሚኒባስ መንገድ ቢለቅ ጀግንነቱ የሚቀንስ ይመስለዋል። ጀግንነቱ ለዚያ ቦታ አልተሠራም። ሚስት ከጎን ተቀምጣ ልጅ አቅፋ ሳለ ይህን ውድድር የሚገባ ባል፣ ያልተመዘገቡ ሁለት ተወዳዳሪዎችን ይዞ ነው የገባው።

መንገድ መልቀቅም ቢሆን አለቃቀቅ አለው። ዲዦን ላይ ያየነው ዢል ቪልነቭ ግንቦት 8 ቀን 1982 በቤልጂየም ዞልደር በማጣሪያ ላይ ሳለ፣ ዝግ ብሎ ይሄድ በነበረው በጀርመናዊው ዮኸን ማስ ላይ ደረሰ። ማስ በመስተዋቱ አየው፤ ሊያሳልፈውም ወደ ቀኝ ሸሸ። በዚያችው ቅጽበት ቪልነቭም በቀኝ ሊያልፍ ወስኖ ነበር። የቪልነቭ መኪና በማስ የኋላ ጎማ ላይ ወጥቶ በአየር ተገለባበጠ፤ ቪልነቭም በዚያው ቀን አረፈ። ከሁለቱ አንዳቸውም ክፋት አላሰቡም፤ አንዱ በትሕትና እየለቀቀ፣ ሌላው በፍጥነት እያለፈ፣ ሁለቱ አንድ ጎን መረጡ። በሳፋሪ አቧራ ውስጥ የሚለቀው ሰው መብራቱን አብርቶ አንዱን ጠርዝ ይዞ እስኪታለፍ ድረስ ከዚያ የማይነቃነቀው ስለዚህ ነው።

የእኛም ተራራ መንገዶች የየራሳቸው ልማድ አላቸው። በአንዱ ቦታ ከፊት ያለው ከባድ መኪና የቀኝ ምልክት ሲያበራ «እለፍ» ማለቱ ነው፤ በሌላው ቦታ ይኸው ምልክት «ልታጠፍ ነው» ማለት ይሆናል፤ እጅ አውጥቶ የሚጠራም፣ እጅ አውጥቶ የሚከለክልም አለ። ከአንድ ጦር ሠፈር ወደ ሌላው የተዛወረ አሽከርካሪ የአንዱን ምልክት በሌላው ፍቺ ቢያነበው የሚደርሰው ነገር የዞልደሩ ነው። በሊማሊሞ፣ በዓባይ በረሃና በጣርማ በር የሚነዱ አንባብያን በየመንገዳቸው የሚሠራበትን የምልክት ልማድ ቢጽፉልን፣ አሰባስበን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።